እግር ሲታመም ልብም አብሮ ይታመማል

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዳንግላን ካለፈ በኋላ አዲስ ቅዳምን አቋርጦ እንጅባራ ይገባል። አገሩ ለምለም ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ አፈሩም ቀይ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ መንገድ በአውቶቡስ ስንጓዝ የደረሰውን ነገር ለአንባቢዎቻችን ሳንሸሽግ እንነግራለን፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከሌላው ሰው ይልቅ የኛ ነበረ።

አዲስ ቅዳም ላይ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ አንድ ገበሬ ተሳፈረ። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበቱ በታች አብጠዋል፤ ጣቶቹ በእብጠቱ ውስጥ ተውጠዋል፤ እግሮቹንም በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሏቸዋል። ከኛ አጠገብ በነበረው ባዶ ቦታ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ከእግሩ የሚወጣው ሽታ በአውቶቡሱ ውስጥ ተሰማ። አንዲት ተማሪ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፈነች፤ አንዱ መስኮት ከፈተ፤ ረዳቱም «ሰውየው፣ ወደ ዳር ጠጋ በልልን» አለው። እኛስ ምን አደረግን? ተምረናል፣ ዲግሪ ጭነናል የምንል ሰዎች መሆናችንን ረስተን ቦርሳችንን አንሥተን ወደ ኋላ ወንበር ተዛወርን። ሰውየው ምንም አልተናገረም፤ አንገቱን ደፍቶ እግሩን ከወንበሩ በታች ሊደብቅ ሞከረ። ነገር ግን እንዲህ ያለ እግር አይደበቅም።

በዚያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ተነሥተው እኛ በለቀቅነው ቦታ ተቀመጡ። በአገውኛ አነጋገሩት። ቋንቋውን አንሰማም፤ ሆኖም ሰውየው መጀመሪያ በአጭሩ፣ ኋላም በረጅሙ ሲመልስላቸው አየን። እንጅባራ ስንደርስ ሲስቅ ሰማነው። የሳይንስ መጽሐፍ ያላነበቡ አንዲት እናት፣ የሳይንስ ተማሪ ከነበርነው ከኛ ይልቅ ለዚያ ሰው ትክክለኛውን ሕክምና ሰጡት ብንል ማጋነን አይደለም። ለምን እንዲህ እንዳልን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አፈሩና እግሩ

ይህ በሽታ በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ ይባላል። ሊቃውንት ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ስሙም እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ የግሪክኛ ቃላት የተሠራ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ከደከሙት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ዶክተር ፕራይስ የሥጋ ደዌ ሐኪም ነበሩ። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠሩ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፈዋለን) እግራቸው ያበጠ፣ ነገር ግን የሥጋ ደዌም ሆነ የትል በሽታ የሌለባቸው ብዙ ሰዎችን አዩ። ሕሙማኑ የሚበዙት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ መሆኑንም ተመለከቱ። ከሕሙማኑ ሰውነት የተወሰደውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩም በውስጡ ረቂቅ የአፈር ቅንጣቶችን አገኙ።

እንደሚታመነው በባዶ እግር ለብዙ ዓመታት በዚህ አፈር ላይ ለሚሄድ ሰው ረቂቆቹ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ በኩል ይገባሉ። ከደም ሥር የሚተርፈውን ውሃ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን ቦዮች በሰውነታችን አሉ፤ ቅንጣቶቹ እነዚህን ቦዮች ያስቆጣሉ፤ ቦዮቹም እየጠበቡ ይዘጋሉ። መውጫ ያጣው ውሃ በእግር ውስጥ ይቀራል፤ እግሩም ያብጣል። በእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ያየ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳል፤ ያ የሚያምር ሐይቅ የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነውና። ለአዊ ገበሬ ምርት የሚሰጠው አፈር ጫማ የሌለውን እግር የሚጎዳው አፈር መሆኑ ያሳዝናል።

በሽታው ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ አይምሰለን። በ2013 በአገሪቱ በተደረገ ጥናት ከ1,300 በሚበልጡ መንደሮች ከ140 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው ከ775 ወረዳዎች በ345ቱ በሽታው እንዳለ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ በወጣ ስሌትም በ2015 በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል አዋቂ ሕሙማን እንደነበሩ ተገልጿል።

በአንድ አፈር ላይ ከሚኖሩት ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይድናል? በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ይህ ልዩነት ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው የዘር ቅንጣቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ነገር ግን ይህን ቃል በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል። የሚወረሰው ለበሽታው መጋለጥ ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። የሕመምተኛ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ከበሽታው ሊድን ይችላል። ስለዚህ «ዘራቸው ነው» ተብሎ የሕመምተኛን ልጅ ለጋብቻ መከልከል ዕውቀትም ፍትሕም የጎደለው ፍርድ ነው። በሰሜን አፍሪካ በሽታው የጠፋው ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ስለ ለመደ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ።

የሚክሮብ ደቦ

እንግዲህ ዝሆኔን ሚክሮብ አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ታዲያ በአውቶቡስ ውስጥ ያባረረን ያ ሽታ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ሚክሮቦች ወደ ታሪኩ የሚገቡት።

በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም ብዙ ሚክሮቦች ይኖራሉ። ደረቅና ያልተቀደደ ቆዳ እንደ ቤተ መንግሥት ቅጥር ነው፤ እነሱ በውጭ፣ እኛ በውስጥ ሆነን በሰላም እንኖራለን። እግር ሲያብጥ ግን ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ እጥፋት ያበጃል። በእጥፋቱ ውስጥ ሙቀትና እርጥበት ይጠራቀማል፤ የሞተ ቆዳም ምግብ ይሆናል። ለሚክሮብ ከዚህ የበለጠ እርሻ የለም። ላቡንና የሞተውን ቆዳ ሲያፈራርሱ የሚወጣው ትነት ነው ሽታውን የሚያመጣው። ሽታው የሰውየው አይደለም፤ የእንግዶቹ ነው።

ሚክሮብ የሚኖረው በብቸኝነት ይመስለን ነበር፤ ምርምር ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። በ1970 የአሜሪካ ሊቃውንት በባሕር ውስጥ የሚኖር ብርሃን የሚሰጥ ባክቴሪያ ሲያጠኑ፣ ባክቴሪያው ጥቂት በሆነ ጊዜ እንደማያበራ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ግን ሁሉም ባንድነት እንደሚያበሩ ተረዱ። እያንዳንዱ ጥቂት የኬሚካል ምልክት ወደ ውጭ ይለቃል፤ ምልክቱ ሲበዛ «በዝተናል» የሚል መልእክት ይሆንላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባክቴሪያዎች እንዲህ እንደሚያደርጉ ታውቋል። ይህ ከጎጃም ገበሬ ደቦ ጋር ይመሳሰላል፤ አንድ ሰው ብቻውን የማይሞክረውን እርሻ ጎረቤት ሲሰበሰብ ይጨርሰዋልና።

ሚክሮቦች በቆየ ቁስል ላይ ሲሰበሰቡ ደግሞ በራሳቸው በሚያወጡት ሙጫ መሰል ነገር ውስጥ ተጣብቀው ይኖራሉ። ይህም መጠለያቸው ነው፤ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስባቸውም፤ የሰውነት ወታደሮች የሆኑት የደም ሕዋሳትም በቶሎ አይገቡበትም። እንዲህ ያለውን ምሽግ ማፍረስ የሚጀመረው ውድ በሆነ መርፌ አይደለም፤ በውሃና በሳሙና በየቀኑ በማጠብ ነው።

በስንጥቁ በኩል ባክቴሪያ ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ እግሩ በድንገት ይቀላል፣ ይግላል፣ ያማል፤ ሕመምተኛውም በትኩሳትና በብርድ ብርድታ ይያዛል። ብዙ ሰው ምች ነው ይላል። ሰውየው ለጥቂት ቀናት ከመኝታው አይነሣም፤ ይህም ደጋግሞ ይመጣል፤ በተመላለሰ ቁጥርም እብጠቱ ይብሳል። በ2006 በወላይታ ስለ ደረሰው ጉዳት የወጣ ጥናት ሕሙማኑ ከሥራ ቀናቸው ወደ 45 ከመቶ የሚሆነውን እንደሚያጡ ገምቷል። በእርሻ ወቅት ግማሽ ወር የተኛ ገበሬ በክረምቱ መጨረሻ ጎተራው ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ልብ ሲታመም

እስካሁን የተናገርነው ስለ እግር ነው። አሁን ግን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን።

በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር በተደረገና በ2016 በወጣ ጥናት፣ ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎችና ጤነኞች ጎረቤቶቻቸው ስለ መንፈሳቸው ሁኔታ ተጠይቀው ነበር። ከሕሙማኑ ከመቶ 12.6 የሚሆኑት ከፍ ያለ የመንፈስ ጭንቀት ምልክት ሲታይባቸው፣ ከጎረቤቶቻቸው የታየባቸው ከመቶ 0.7 ብቻ ነበሩ። ሁለቱም በአንድ መንደር ይኖራሉ፤ አንድ ዝናብ ይዘንብላቸዋል፤ ድህነቱም የጋራ ነው። ልዩነቱ እግሩና እግሩ የሚያስከትለው ነገር ነው።

የመንፈስ ጭንቀት ስንል የአንድ ቀን ትካዜ ማለታችን አይደለም። እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ የሚወዱት ነገር ደስ ማሰኘት ሲተው፣ ሰው ራሱን የማይረባ አድርጎ ሲቆጥር፣ አልፎ ተርፎም መኖር ሲያስመርረው፣ ይህም ለሳምንታት ሲቆይ በሽታ ነው። እንደ ማንኛውም በሽታ ሐኪም አለው፣ መድኃኒትም አለው። በአገራችን ግን እግሩን የታመመ ሰው «ምን ሆንክ?» ይባላል እንጂ «ልብህስ እንዴት ነው?» የሚለው የለም።

አንባቢ ሆይ፣ የነገሩን መዞር ተመልከት። እግር ያብጣል፤ ሚክሮብ በስንጥቁ ይሰፍራል፤ ሽታ ይመጣል። ሽታው ሰውን ያርቃል፤ ሕመምተኛው ከገበያ፣ ከማኅበር፣ ከሰርግ ይቀራል። ብቸኝነት ጭንቀትን ይወልዳል። የተጨነቀ ሰው ውሃ ቀድቶ፣ ሳሙና ገዝቶ፣ በየማታው ቁጭ ብሎ እግሩን ለማጠብ አቅም ያጣል፤ «ለማን ብዬ?» ይላል። ያልታጠበ እግር ደግሞ ለሚክሮቡ ርስት ይሆናል። ሽታው ይጨምራል፤ ሰውም ይበልጥ ይርቃል። እኛ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳችንን ስናነሣ ይህን መንኰራኵር በገዛ እጃችን አንድ ጊዜ ገፋነው። አሮጊቲቱ ግን በመቀመጣቸው ብቻ ለጥቂት ጊዜ አቆሙት።

በአዊ የተሞከረው ሥራ

ይህን መንኰራኵር በሁለቱም በኩል፣ ማለትም በእግሩም በልቡም በኩል ለማቆም የተሞከረው እዚያው አዊ ውስጥ መሆኑን ስናውቅ ደስ አለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው የምርምር ማዕከል ከእንግሊዝ አገሩ ከብራይተንና ሳሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር በመሆን ኤንድፖይንት የተባለ ጥናት አካሂዷል። የጥናቱ ዕቅድ በ2020 ታትሟል። ሥራው መጀመሪያ በትንሹ ተሞክሮ፣ ኋላም በአዊ ወደ ሦስት ወረዳዎች እንዲሰፋ የታቀደ ነበር።

የዚህ ጥናት ብልህነት ሦስት በሽታዎችን ባንድ ላይ መያዙ ነው፤ ዝሆኔን፣ ፊላሪያሲስንና የሥጋ ደዌን። የሦስቱ ምክንያት ፈጽሞ የተለያየ ነው። ዝሆኔ ከአፈር ነው። ፊላሪያሲስ በትንኝ ከሚተላለፍ ክር መሰል ትል ነው፤ የትሉ ጫጩቶች በብዙ አገር ትንኝ በምትነድፍበት በሌሊት ሰዓት ወደ ደም ወጥተው ቀን የሚሸሸጉ ናቸው። የሥጋ ደዌ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 ካገኘው ባክቴሪያ ነው፤ ይህም ባክቴሪያ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ሲራቡ እሱ አንድ ጊዜ ለመከፈል ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ በቆዳና በነርቭ ውስጥ ይደበቃል፤ ነርቭን ሲጎዳ እጅና እግር ይደነዝዛሉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚታይ በመሆኑ ሰዎች እርግማን አድርገው ቆጠሩት። ዛሬ ግን በመድኃኒት የሚድን ነው፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል።

አፈር፣ ትል፣ ባክቴሪያ፤ መነሻቸው ሦስት፣ መድረሻቸው ግን አንድ ነው። ያበጠ ወይም የቆሰለ እግር፣ የሸሸ ጎረቤት፣ የተሰበረ ልብ። መድረሻቸው አንድ ከሆነ እንክብካቤውም አንድ ሊሆን ይችላል ብለው ተመራማሪዎቹ አሰቡ። የጤና ሠራተኞች እግርን ማጠብና ቁስልን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን የመንፈስ ጭንቀትን ለይቶ ማወቅና ማከም እንዲማሩ፣ በመንደሩም ሕሙማንን ማግለል እንዲቀር ማስተማር እንዲኖር አደረጉ። ይህም ልዩ ሆስፒታል ሳይሠራ በነበሩት ጤና ጣቢያዎች ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ሕሙማኑን ከሥራው በፊትና በኋላ በማነጻጸር አካላዊ ሕመማቸውም የመንፈስ ጭንቀታቸውም እየቀለለ መሄዱ ታይቷል።

የእግር ማጠቡ ጥቅም ብቻውን በጎጃም ተፈትኗል። በ2018 ውጤቱ የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ሙከራ 696 ሕሙማንን የያዘ ነበር። ግማሾቹ ሕክምናውን ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹም ከዓመት በኋላ እንዲጀምሩ ሆነ። ሕክምናውም እግርን በሳሙናና ጀርም በሚገድል ነገር ማጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ወዲያው በጀመሩት ላይ ያ የትኩሳት ሕመም የመጣው ከሌሎቹ በአንድ አምስተኛ ያህል ባነሰ ጊዜ ነው። ሕመሙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቢሆንም ለድሃ ገበሬ ከአምስት የመኝታ ጊዜ አንዱ መቅረቱ ትልቅ ነገር ነው።

ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት

አንዳንድ ሰው «ሳሙና መግዣ የሌለው ሰው ስለ ልቡ ምን ያወራል?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር «እግርህን በየቀኑ ታጠብ» ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ያበጠ እግር ደግሞ በሱቅ የሚሸጠው ጫማ አይገባውም፤ በልክ መሠራት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ይህ በሽታ የሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም፤ የውሃ ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የጫማ ሠሪና የወረዳ በጀት ሥራም ነው። ነገ በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ወጣት ሹም፣ የጉድጓድ ውሃ በየትኛው ቀበሌ ይቆፈር ተብሎ ሲመከር የእግር ሕሙማን የሚበዙበትን ቀበሌ ብታስብ፣ ያለ ስቴቶስኮፕ ሐኪም ሆንክ ማለት ነው።

ነገር ግን ለጥያቄው ሌላም መልስ አለው። ሳሙናው ቢገኝም የሚያጥበው እጅ ተስፋ ከቆረጠ ሳሙናው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ይህ በዝሆኔ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአገራችን በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ጭንቀታቸው ሳይታከም የቆየባቸው ሕሙማን የሕክምና ውጤታቸው የከፋ መሆኑን አሳይቷል። ረጅም ሕመም ሁሉ፣ ስኳርም ሆነ የሚጥል በሽታ፣ በየቀኑ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የትዕግሥት ማደሪያውም ልብ ነው። ልብን ሳይጠይቁ መድኃኒት ብቻ መስጠት፣ በሬውን ሳይቀልቡ ሞፈሩን እንደ ማሳመር ያለ ነው።

እናንተም በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። መጀመሪያ፣ ዝሆኔ እንደማይተላለፍ፣ እርግማንም እንዳልሆነ ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩ። ሁለተኛ፣ ታናናሾቻችሁ ወደ እርሻና ወደ ከብት ጥበቃ ሲሄዱ ጫማቸውን ለበዓል ብቻ ብለው እንዳያስቀምጡ ምከሩ፤ የእግር ማሳከክና ማቃጠል፣ ወይም የማታ ማታ ማበጥ የጀመረውንም በጊዜው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ሦስተኛ፣ እግሩ ያበጠ ሰው ከአጠገባችሁ ሲቀመጥ አትነሡ። ለተጨነቀውም «አይዞህ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ወደ ጤና ባለሙያ ሸኙት፤ ጭንቀትም እንደ እግሩ ይታከማልና።

ያን ገበሬ ዳግመኛ አላገኘነውም። ስሙንም አልጠየቅነውም፤ ያን ጊዜ ለመጠየቅ የሚያበቃ ድፍረት አልነበረንም። አሮጊቲቱ ግን ሲወርዱ ወደኛ ዘወር ብለው፣ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ሽታው እኮ ይለመዳል፤ ብቸኝነቱ ነው የማይለመደው» አሉን። በጽሑፍ ከተማርነው ብዙ ነገር ይህ ቃል በልባችን ቀርቷል። ሚክሮብ እንኳ ተሰብስቦ ደቦ ማድረግን ካወቀበት፣ ሰው ለሰው ወንበር መልቀቅን ሳይሆን ከሰው ጋር መቀመጥን ሊያውቅበት ይገባል።